የቬርና አረንጓዴ

ኮልቢ ራስሙሰን ምንም አላደረገኝም። ግን አልወደውም፣ ምን ላድርግ።

በግዛታችን ምክር ቤት ከኔ በላይ የቆየ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ በጥር በረዶ መኪናዬን እየነዳሁ መጥቻለሁ፤ በመጣሁ ቁጥር የማቀርበው ረቂቅም አንድ ነው፦ ግዛቱ ለገጠር አምቡላንስ በጀት ይመድብ። ሁሌም ኮሚቴ ውስጥ ሞቶ ይቀራል። አምና የኛ አውራጃ አምቡላንስ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ በትራክተር ተጎተተ። ውስጡ የተኛችው እህቴ አልማ ነበረች።

ኅዳር ላይ ይሄ ልጅ ከጎረቤት አውራጃ ተመረጠ። የከብት ሐኪም ነው፣ ጢሙ እንኳ በወጉ አልሞላም። ያንኑ የኔን ረቂቅ ይዞ መጣና በጥቂት ሳምንት ከኮሚቴ አወጣው። እርር ድብን አልኩ። ካፊቴሪያ ያሉት ሴቶች እንኳ ትልቁን የቀረፋ ዳቦ ለሱ ነው የሚደብቁለት። ለኔ ጠርዙ ይደርሰኛል።

በኛ ምክር ቤት አዲስ አባል የመጀመሪያ ረቂቁን ለድምፅ ሲያቀርብ ይቀለድበታል። ሁላችንም ቀዩን፣ የተቃውሞውን ቁልፍ እንጫናለን። ስማችን ያለበት የድምፅ ሰሌዳ ይቀላል፣ ልጁ ይገረጣል። ከዚያ አንጋፋው አባል ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ድጋፉ ይቀይራል፣ ሌላውም ይከተለዋል፣ ይሳቃል፣ ይጨበጨባል። አንጋፋዋ እኔ ነኝ። እኔ ሳልቀይር ማንም አይቀይርም።

የኮልቢ ተራ ደረሰ። ሰሌዳው ቀላ፤ አረንጓዴ የሆነው የሱ ስም ብቻ ነው።

«በይ እንጂ ቬርና፣ ልጁ ሊያለቅስ ነው» አለኝ አጠገቤ የሚቀመጠው ሮይ።

«ያልቅሳ። እኔስ ሃያ ዓመት አልቅሼ የለ?»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው፤ አልተጫንኩም። አፈ ጉባኤው ከጸሐፊዋ ጋር ይሳሳቃል። እሱ መዶሻውን እስኪያነሳ ሁሌም ቀይረን ስለምንጨርስ ቀና ብሎ ማየት አልለመደበትም። ሳያይ መታው። ሰሌዳው ተቆለፈ፣ ረቂቁም በአንድ ድጋፍ ብቻ ወደቀ።

ሳቁ ጠፋ። እንደገና ድምፅ ይሰጥ ብሎ መጠየቅ የሚችለው ካሸነፈው ወገን የሆነ፣ ማለትም ቀይ የጫነ ሰው ነው፤ ያውም በዚያው ቀን። ካለፈ ለዘንድሮ አበቃለት። ኮልቢ የራሱን ረቂቅ ደግፏል፣ ስለዚህ አይችልም። ሌላው ሁሉ ይችላል፤ ግን አንጋፋዋ እያለች ማን ይቀድማል? ሁሉም ዞረው እኔን ያያሉ።

ኮልቢ ወደ ወንበሬ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«እትዬ ቬርና፣ ሆን ብለው ነው?»

«አዎ። ረቂቁ የኔ ነበር።»

«አውቃለሁ። ረቂቁ ላይ ስምዎ ከኔ ይቅደም ብዬ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ‹የቬርና ስም ካለበት ከዚህ አይወጣም› አለኝ።»

ፊቴ ጋለ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ይከፋዎታል ብዬ ነዋ።»

ረቂቄን የገደለው ስሜ ኖሯል። የልጁን ትከሻ ተደግፌ ተነሳሁና እንደገና ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቅኩ። በዚህኛው ማንም አልቀለደም። አረንጓዴውን ቀድሜ ተጫንኩ፣ ሰሌዳው በሙሉ ተከተለኝ።

ጋዜጠኞቹ ኮልቢን ከበቡት። እሱ እቴ፣ እጄን ይዞ ጎተተኝና «ያዳኑት እትዬ ቬርና ናቸው» አላቸው። ስለዚያች ቀይ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ፎቶ ሲያነሱን ፈገግ አልኩ።

ወደ ማታ አልማ ደወለች። «በቴሌቪዥን አየሁሽ። ልጁ እንዴት አድርጎ ነው ያሞገሰሽ! አንቺ ብትሆኚ ስለሱ እንዲህ ትናገሪ ነበር?»

በዕድሜው ቀንቻለሁ፣ በቀረፋ ዳቦው ሳይቀር ቀንቻለሁ፤ በልቡ ግን ገና መጀመሬ ነበር።

«አልናገርም ነበር» አልኳት።