የአንድ እግር አልቦ

እታለማሁ የእናቷን ሁለት የብር አልቦዎች በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እንጅባራ ከተማ አንድ ወርቅ ቤት የገባችው ለፈረስ መግዣ የጎደላቸውን ለመሙላት ነበር። ከባሏ ከውብአየሁ ጋር ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ድንች ያመርታሉ፤ ጋሪ የሚጎትተው ፈረሳቸው ክረምት ላይ ሞቶባቸዋል። አልቦዎቹ ደግሞ እናቷ ካረፈች ወዲህ እግር ላይ ውለው አያውቁም።

ዘመኑ የሚባለው ወጣት ባለሱቅ ሁለቱንም አገላበጠ፣ ጠርዛቸውን በሞረድ ነካ ነካ አደረገ፣ ከትንሽ ጠርሙስ አሲድ ጠብ አደረገባቸው። ከዚያ አንዱን ወደ ራሱ ሳብ፣ ሌላውን ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

«ይሄኛውን እገዛዎታለሁ። ያኛውን ግን ይውሰዱት እናቴ፤ ነሐስ ነው። ላዩን ብቻ ነው ብር የተቀባው።»

«እንዴት ሆኖ? የአንድ ሰው አልቦ እኮ ነው! የግራና የቀኝ!»

«እኔንም ገርሞኛል» አለና ለአንዱ ብቻ ዋጋ ጠራላት።

እታለማሁ ሳትሸጥ ወጣች። መጀመሪያ አጭበርባሪ መስሏት ተናዳ ነበር። መንገድ ላይ ግን ንዴቷ ወደ ጥያቄ ተለወጠባት። ሊያታልለኝ ቢፈልግ ሁለቱንም ነሐስ ናቸው ብሎ በርካሽ አይወስዳቸውም ነበር? ለምን አንዱን ብቻ? ማታ ለውብአየሁ ስትነግረው «ሌላ ቦታ አስመርምሪው እንጂ፣ ምን ቸገረሽ» አላት። በማግስቱ በሚኒባስ ዳንግላ ወረደች።

ዳንግላ ውስጥ አድማሴ የሚባሉ በዕድሜ የገፉ አንጥረኛ አሉ። እታለማሁ እንጅባራ የተባለችውን አልነገረቻቸውም።

«አባቴ፣ ምን ምን እንደሆኑ ብቻ ይንገሩኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌውም ሞርደው፣ ጠብታ ጥለው ያንኑ ደገሙላት፤ አንዱ ጥሩ ብር፣ ሌላው ነሐስ። ከዚያ ሚዛኑን ወደ እሷ አዞሩና ብሩን አስቀመጡበት። የዕለቱን የግራም ዋጋ ነግረዋት፣ እያየች በስልካቸው አባዙት። ከእንጅባራው ዋጋ በሲሶ ያህል በለጠ።

«እንጅባራ ከዚህ ያነሰ ነው የተባልኩት። ለምን ይመስልዎታል?»

«ስንት ግራም እንደሚመዝን ነገረሽ?»

«ኧረ አልነገረኝም።»

«እንግዲያው ከክብደቱ ይቀንስብሽ ከግራሙ ዋጋ፣ አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅ። ልጄ፣ የትም ስትሄጂ ሚዛኑን እያየሽ ይመዘንልሽ። የግራሙንም ዋጋ አስቀድመሽ ጠይቂ።» አልቦውን በጣታቸው አሽከረከሩት። «ጥንዱ ቢኖር ከክብደቱም በላይ እከፍልሽ ነበር፤ ለሙሽራ ይሆናል። የአንድ እግር አልቦ ግን ማን ይገዛኛል? አቅልጬ ሌላ ነገር እሠራበታለሁ።»

እታለማሁን ግን አሁን ከዋጋው ይልቅ የነሐሱ አልቦ ነገር ነበር የያዛት። «ትንሽ ይታገሱኝ፣ እመለሳለሁ» አለችና እዚያው ዳንግላ ወደምትኖረው የእናቷ ታናሽ እህት፣ ወደ እህተማርያም ቤት በባጃጅ ሄደች።

አክስቷ የነሐሱን አልቦ ስታይ በሳቅ ፈረሰች። በመሐረቧ ዓይኗን እየጠረገች «ይሄማ የኔ ነው!» አለች።

«እንዴት የእርስዎ፣ አክስቴ?»

«የበቅሏችን ቃጭል ነበር። አባትሽ ታሞ ባሕር ዳር የተኛ ጊዜ ለሕክምናው ገንዘብ ጠፋ። እናትሽ አንዱን አልቦ ሸጠች። የሠርጓ ቀን እሱ ያሰረላት ነው፤ መሸጧን ቢሰማ ከበሽታው ይብስበታል ብላ ፈራች። እኔ ቃጭሌን ሰጠኋት፣ አዘና ከተማ ያለ አንጥረኛ አቀለጠና ሌላኛውን እያየ፣ ላዩን ብር ቀብቶ ይሄን ሠራላት። ስንት ጥምቀት በአንድ እግሯ ብር፣ በአንድ እግሯ የበቅሎ ቃጭል አድርጋ ወጣች መሰለሽ!»

እታለማሁ አልቦውን በሁለት እጇ ይዛ አገላበጠችው። እናቷ ለበዓል ስትወጣ ከኋላዋ እየተከተለች ያደገች ልጅ ናት። አንድም ቀን ልዩነቱን አላየችም።

«አባቴ ሳያውቅ ሞተ?»

እህተማርያም ሳቋን አቆመች። «እሱን እንጃ። አንድ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ‹ግራ እግርሽ ድምፁ ተለወጠብኝ› አላት። እሷ ‹አርጅቼ ነው› አለችው። ከዚያ ወዲያ ስለ ግራ እግሯ አንስቶ አያውቅም።»

«አውቆ ነዋ!»

«ወይ አምኗት ይሆናል። እኔም እስከዛሬ አስበዋለሁ።»

እታለማሁ ወደ አድማሴ ሱቅ ተመልሳ ብሩን ሸጠች። ነሐሱን ቋጥራ ያዘችው። እንጅባራ ስትደርስ እግሯ ወደ ዘመኑ ሱቅ ወሰዳት።

«ነሐስ መሆኑን በእውነት ነገርከኝ። ታዲያ ለብሩ ለምን አሳነስከው?»

ወጣቱ ትንሽ አፈረና ፈገግ አለ። «እናቴ፣ እርስዎ ስንት ትገዛኛለህ አሉኝ እንጂ ግራሙ ስንት ነው አላሉኝም። ቢጠይቁኝ አልዋሽዎትም ነበር።»

«ሌላው ሰው ሁሉ ይጠይቅሃል?»

«ከስንት አንድ።»

በገበያው ቀን ከውብአየሁ ጋር ፈረስ ሊገዙ ወጡ። እሱ መጀመሪያ ያገኙትን ግንባሩ ነጭ የሆነ ቦራ ፈረስ አይቶ ወደደው። እሷ ግን ጥርሱን አሳየኝ፣ ሰኮናውን አንሣልኝ፣ ጋሪ ስቦ ያውቃል ወይ፣ ለምን ትሸጠዋለህ እያለች ሻጩን ወጥራ ያዘችው። ከዚያ ወደ ሌላው ሻጭ አለፈች፣ ከዚያም ወደ ሌላው። ውብአየሁ ፀሐዩ መታው፤ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

በመጨረሻ ቀላ ያለ ዳማ ፈረስ እየሳበች መጣች።

«ቦራው ምን ሆነ?» አላት።

«ባለቤቱ ለምን እንደሚሸጠው ሊነግረኝ አልቻለም» አለችና ገመዱን አቀበለችው።