ሽቅብ የምታይ ፔጆ

ሸዋወርቅ ፔጆዋ ሽቅብ እንደምታይ ያስተዋለችው፣ ባሏ ገመዳ ሰባት መንገደኛ ጭኖ ወደ መቂ ከተነሣና ከዓይኗ ሊሰወር ትንሽ ሲቀረው ነበር። አጥሩ ሥር ቆማ እጇን ስታውለበልብ ዓይኗ መኪናዋ ቂጥ ላይ አረፈ። ቂጧ መሬቱን ሊልስ ምንም አልቀረው። አፍንጫዋ ግን ውኃ ጠጥታ ፈጣሪዋን እንደምታመሰግን ዶሮ ወደ ሰማይ ቀና ብሏል።

«ወይኔ ሸዋወርቅ! ገደልኩት!» አለች።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ቀን በፊት፣ የነጂዎች ማኅበር አንድ መመሪያ የበተነ ዕለት ነው። ጎማ እንደ ወርቅ የሚፈለግበት ዘመን ስለነበር መመሪያው ቆጣ ያለ ነው፤ ማንኛውም ተሽከርካሪ ጎማ እንዲቆጠብ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ያዙር፤ ይህን ሳይፈጽም መንገድ ላይ የተገኘ ነጂ የሥራ ፈቃዱን ይነጠቃል ይላል። ገመዳ አንድ ጊዜ አየት አድርጎ «እሺ» አለና ሬድዮኑ ኋላ ወሸቀው። እሱ ከድሮም «መንገዱ የእኔ፣ ወረቀቱ ያንቺ» ባይ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው ሸዋወርቅ ግን ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የት አባቱ! ፈቃዱ ሲነጠቅ፣ ገመዳ ሲታሰር፣ እሷ ስንቅ ስታመላልስ ታያት። ስንቁን የምትቋጥርበትን ሳህን ሳይቀር መርጣለች።

የገመዳ ፔጆ ደግሞ እንደ ሌላው ፔጆ አይደለችም። የኋላ ጎማዋ ያለቀ ጊዜ ልኩ ስላልተገኘ፣ ከአንድ የተገለበጠ የጭነት መኪና ተለቅ ያሉ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ተነቅለው ተገጥመውላታል። ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ብላ፣ አማቾቿ ፊት እንደቆመች ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው። ሸዋወርቅ ይህን ታውቃለች። መመሪያው ግን «ማንኛውም ተሽከርካሪ» ነው የሚለው።

ስለዚህ ወደ መቂ በሚነሣበት ቀን፣ ገመዳ ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል፣ ወረቀቱን ይዛ ጎረቤታቸው ጎሚስታው ጋሽ ሰንበታ ዘንድ ሄደች። እሳቸውም ክሪካቸውን ይዘው መጥተው መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ሸዋዬ፣ የዚህች የፊቱና የኋላው እኮ ወንድማማች አይደለም» አሉ።

«መመሪያው ወንድማማች ከሆኑ አይልም።»

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

«ክብ?»

«ክብ።»

ጋሽ ሰንበታ ጎንበስ አሉና ክሪኩን መኪናዋ ሥር አስገቡ። «ክብ ማኅተም ካለውማ እኔ ማን ነኝና!»

ገመዳ የነቃው መንገደኞቹ ደጅ ሆነው ሲጮኹበት ነው። ፊቱን እንኳ በወጉ ሳይታጠብ ዘሎ ገብቶ ነዳ። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ሸዋወርቅ ወደ ጋሽ ሰንበታ እየሮጠች የተመለሰችው።

«ጋሽዬ፣ ምን ይሆንብኛል?»

«ቀጥ ብሎ ከሄደ ምንም አይሆን።»

«ካልሄደስ?»

«ሲታጠፍ ያ ትልቁ ጎማ ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ይልሰዋል።»

«ሲልሰውስ?»

«መሪው እንቢ ይላል።»

«መቂ የሚሄድ ሰው ሞጆ ላይ ወደ ግራ አይታጠፍም እንዴ?»

ጋሽ ሰንበታ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ይታጠፋል» አሉ ቀስ ብለው።

ገመዳ ከመቂ የሚመለሰው አሥር ተኩል ላይ ነው። አሥር ተኩል አለፈ። አሥራ አንድም አለፈ። ሸዋወርቅ የለቅሶው ድንኳን ከበሩ ፊት ይተከል ወይስ ከጓሮ የሚለውን ጨርሳ፣ ለእህቷ አቦምሳ ድረስ ማን መርዶ ይዞ እንደሚሄድ ታወጣ ታወርድ ጀመር።

«ሰው ሳይሞት አታልቅሺ፤ ኋላ እንባ ያጥርሻል» አሏት ጋሽ ሰንበታ፣ ራሳቸው ግን ከደጃፏ ንቅንቅ አላሉም።

አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል ጡሩምባ ተሰማ። ፔጆዋ ሰማይ ሰማይ እያየች መጥታ ከበሩ አለፍ ብላ ቆመች፤ ወደ ግቢው መታጠፍ አቅቷታል። ከኋላ መቀመጫ መጀመሪያ የወረዱት እዚያው ሰፈር የሚኖሩት ወይዘሮ ዲንቄ ነበሩ።

«አንቺ ሸዋወርቅ! ባልሽ ዛሬ ቁልቁለቱን ሁሉ ዳገት አደረገብን እኮ!» አሉ ወገባቸውን ይዘው። «መቂ ደርሼ እስክመለስ የራሴን ጉልበት ብቻ ሳይ ዋልኩ!»

ገመዳ ወረደ። አቧራ ለብሷል እንጂ ሙሉ ነው። ሸዋወርቅ ሁለት እጁን ይዛ ጣቶቹን ቆጠረች።

«ሞጆ ላይ መሪውን ብጠመዝዝ እንቢ! ጭርርር ብላ ቀጥ ወደ አዲስ አበባ!»

«እኔማ ሊያስኮበልለን ነው ብዬ ስለት መሳል ጀምሬ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ።

«ከዚያ ኬላ ላይ አስቆሙና። የመቂ መውጫ ወረቀት ይዤ፣ በአዲስ አበባ መንገድ!»

ሸዋወርቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ፈቃድህን ወሰዱት?»

«ስሚኝማ። ተቆጣጣሪው መኪናዋን ዞራትና ‹ጎማ አዙረሃል?› አለኝ። ‹ኧረ ጓድ፣ አላዞርኩም› አልኩት። እውነቴን እኮ ነው! ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ሠርቶ አልሠራሁም የሚል ትሑት ሰው ዛሬ ገና አየሁ። እስካሁን ካስቆምኳቸው ሁሉ መመሪያውን የፈጸምክ አንተ ብቻ ነህ!› አለና ይኸው፣ ፈቃዴ ላይ ማኅተሙን መታልኝ።»

«ክብ ነው?» አሉ ጋሽ ሰንበታ።

«ክብ። መንገድ መሳቴንም ማረኝ። ወታደሮቹ ቂጧን በእጅ አንሥተው አዞሯት። ከዚያ ወዲያ በየመታጠፊያው መንገደኛው እየወረደ ያነሣል፣ ያዞራል፣ ይሳፈራል።»

«እኔም አንሥቻለሁ!» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ፤ ደስ እያላቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ገመዳ ማኅተሙን አየ፣ ጎማውን አየ፣ ከዚያ ሁለቱን ሰዎች አየ። «ለመሆኑ ማን ነው ያዞረው?»

ጋሽ ሰንበታ ክሪካቸውን መጥረግ ጀመሩ።

«እኔ ነኝ» አለች ሸዋወርቅ።

«ምነው ብትቀሰቅሺኝ?»

«እንቢ ትላለህ ብዬ።»

«እንቢ እል ነበራ!»

«ከዚያ ይወስዱህ ነበር።»

ገመዳ ለቁጣ አፉን ከፈተ፤ ዓይኑ ማኅተሙ ላይ ሲያርፍ መልሶ ዘጋው። «እኔ ደግሞ ሜዳው ሁሉ ዳገት ሲሆንብኝ ዓይኔ የጠፋ መስሎኝ ነበር። ሞጆ እስክደርስ ሳስብ የነበረው ለአንቺ እንዴት እንደምነግርሽ ነው» አለ።

ሸዋወርቅ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አሰማች።

ጋሽ ሰንበታ ቡሎኖቹን እየፈቱ፣ «በል፣ ትልልቆቹ ወደ ኋላ ይመለሱ። ግን የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ እገጥማለሁ። ይኸም ማዞር ነው፤ እኩል ይበላሉ» አሉ።

«መመሪያው እኮ የፊቱን ወደ...»

«ሸዋዬ!» አሉ ሁለቱም በአንድ ላይ።

«ተውኩት» አለች።

ሲጨርሱ ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። ፔጆዋ ያለ ማንም እርዳታ ታጥፋ ግቢ ገባች። ገመዳ እግሩን ታጥቦ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ሸዋወርቅ ባትሪ ይዛ ወጣች።

«ወዴት ነው ደግሞ?»

«መጣሁ።»

አራቱንም ጎማ በስንዝር ለካች። ፊትን ከፊት፣ ኋላን ከኋላ አስተያየች፤ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካች። ከዚያ ገብታ፣ ገመዳ ከነማኅተሙ ከውስጥ መሆኑን አይታ፣ በሩን ቆለፈችው።