አራት ሙሉ ካዝና

ጋሽ ሀይለማርያም አምስተኛውን የጥይት ካዝና ቀበቶአቸው ላይ ሰክተው እጃቸውን እንደገና ወደ ቦርሳው ሲሰዱ ዘሪቱ የራሷን መሰናዶ ትታ ታያቸው ጀመር። ስድስተኛውን አወጡ። አሥር ጥይት መያዙን በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች አረጋገጡና ከአምስቱ ቀጥሎ ሰኩት።

“ስድስት፣ ጋሼ?” አለቻቸው።

“ስድስት።”

“ዙሩ እኮ ሠላሳ ጥይት ነው።”

“አውቃለሁ። ማንበብ እችላለሁ።”

እንዲህ ቆርጠው የሚመልሱ ሰው አልነበሩም። ከሦስት ዓመት በፊት ይህን የሽጉጥ ተኩስ ስፖርት ሲያስተምሯት ከሁሉ ቀድመው የነገሯት ስለ ካዝና ብዛት ነው። ሽጉጡ ውስጥ አንድ፣ ለዙሩ ሁለት፣ ለክፉ ቀን አንድ። ከዚያ በላይ የሚሸከም ሰው “ገና ሳይተኩስ መሳቱን ፈቅዷል” ይሉ ነበር። እስከ ዛሬ በቀበቶአቸው ላይ ከሦስት በላይ አይታ አታውቅም።

ያለፈው ወር ውድድር ላይ ግን አንድ ነገር ሆኖ ነበር። የመጨረሻው የብረት ኢላማ እንደቆመ ጥይት አለቀባቸው። ሰዓቱ እየሮጠ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ባዶ ሽጉጥ ይዘው ቆመው ቀሩ። ወደ ቤት ሲመለሱ ጥይቱን ስለሚገፋው የካዝና ምላስ፣ ስለ ጥይቱ ጥራት፣ ስለ ነፋሱ አወሩ። ስለ ዓይናቸው አላወሩም።

የተኩስ ሜዳው ከኦሮራ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ቤት የሚባል ነገር በሌለበት ጠፍ መሬት ላይ ነው። የፈረንጆቹ 2007 ኤፕሪል ነበር። ነፋሱ ደረቅ ቁጥቋጦ እየነቀለ አጥር ላይ ይከምራል፤ ወደ ኤርፖርቱ የሚወርዱት አውሮፕላኖች በላያቸው ያልፋሉ። ክለቡ በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያወዳድራል። ለአሸናፊው የሚሰጠው የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ ያም ቢሆን ሰዎቹ አጥብቀው ይወዳደሩበታል።

ጋሽ ሀይለማርያም ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ ሳሉ ፖሊሶችን ሽጉጥ ተኩስ ያሠለጥኑ ነበር። እዚያ ጥይት ተቆጥሮ፣ ተፈርሞ ይወጣል፤ ቀለሁም ተቆጥሮ ይመለሳል። አሁን ኦሮራ ውስጥ ከልጃቸው ከሲና ጋር ይኖራሉ። ሁለቱን የልጅ ልጆቻቸውን በመኪና ትምህርት ቤት የሚያደርሱትም የሚመልሱትም እሳቸው ናቸው። ዘሪቱ የሲና የቸርች ጓደኛ ናት። መጀመሪያ የመጣችው ሲና “አባዬ ብቻውን አይሂድ” ብላ ስለለመነቻት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሽጉጡን አስያዟት። እሷ ናርሲንግ ሆም ውስጥ የነርስ ረዳት ናት፤ በሳምንት አምስት ቀን አቅመ ደካሞችን ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች። ሥራ ላይ አንዱን አልብሳ ሳትጨርስ የሌላው ደወል ይጮሃል። ሜዳው ላይ ግን ስሟ ሲጠራ የሚጠበቅባት አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደደችው። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ የራሷን ሽጉጥ ገዛች።

“ሃይሌ፣ ተራህ ነው!” ብሎ ተጣራ ዳኛው።

ዳኛው ግሬግ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ዙሩ በሳንቃ ግድግዳዎች የተከፋፈለ ነበር። አሥራ ሦስት የካርቶን ኢላማዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጥይት ይፈልጋሉ። አራቱ ብረቶች ደግሞ ተመትተው መውደቅ አለባቸው። ተኳሹ ከቀኝ ጀምሮ እየተራመደ ወደ ግራ ይሄዳል። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ከኋላ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ዳኛው ነጥብ ከያዘ በኋላ ቀዳዳዎቹን በቡናማ ቴፕ ይለጥፋሉ። በግራ በኩል ያለውን እንድትለጥፍ የተመደበችው ዘሪቱ ነበረች።

ጋሽ ሀይለማርያም ሽጉጣቸው ውስጥ ሰባተኛ ካዝና አስገብተው አቀባብለው፣ አንድ ጥይት ጨምረውበት፣ አፎቱ ውስጥ መለሱት። ዳኛው የያዘው ሰዓት ጢጥ አለ።

አተኳኮሳቸው ያምር ነበር። ትከሻቸው አይነቃነቅም። በቀኝ ያሉትን ካርቶኖች አንድ በአንድ ሁለት ሁለት ጥይት እያጎረሱ አለፉ። ባዶው ካዝና መሬት ላይ ወደቀ፤ አዲሱ ገባ። አንደኛው ብረት እምቢ ቢል ደገሙት፤ ሌላውንም እንዲሁ። ሁለተኛው ካዝና ወደቀ። መሀል ላይ ያሉትን ጨረሱ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ሄዱ፣ ትንሽ ተኮሱ፣ ከዚያ ቆሙ። ሽጉጡን አራገፉ፣ ባዶነቱን አሳዩ።

ከመስመሩ ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

“አየሽ? አራት ሙሉ ካዝና ተረፈኝ!” ብለው ወገባቸውን መታ መታ አደረጉ። “በከንቱ ነው የፈራሁት።”

ዘሪቱም ደስ አላት።

ግሬግ ወረቀቱን ይዞ ኢላማዎቹን ይዞር ጀመር። በቀኝ በኩል ጥሩ ነጥብ ነበር፤ መሀልም። ግራው ጥግ ሲደርስ ቆመ። ሦስቱ ካርቶኖች ላይ አንድም አዲስ ቀዳዳ የለም። ጎንበስ ብሎ በቅርብ አየ።

“እነዚህ ሦስቱ አልተተኮሰባቸውም” አለ።

“የምን አልተተኮሰም?” አሉ ጋሽ ሀይለማርያም በእንግሊዝኛ። “ሁሉንም ጨርሻለሁ። አንድም አልተውኩም።”

“ቀዳዳ የለም፣ ሃይሌ።”

“ሳይቆጠር የለጠፈው ሰው አለ ማለት ነው።”

ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። አንድ የቸኮለ ሰው ነጥብ ሳይያዝ ከለጠፈ ተኳሹ ዙሩን እንደገና እንዲተኩስ ደንቡ ይፈቅዳል። ግሬግ ወደ ዘሪቱ ዞረ።

“በዚህ በኩል ቴፑን የያዝሽው አንቺ ነሽ። ቀድመሽ ለጥፈሽ ነበር?”

ስምንት ሰዎች አዩዋት። ጋሽ ሀይለማርያምም አዩዋት፤ ያልተጠራጠረ ሰው አስተያየት ነበር። አንዲት “ሶሪ” ብትል ያልቅ ነበር። ማንም አይቆጣትም፤ ሁሉም ሰው አንድ ቀን ተሳስቶ ለጥፏል። ሽማግሌው በሰው ፊት አያፍሩም። ቴፑ ግን እጇ ላይ ነበር፤ ገና አልተቀደደም።

ደግሞ ሌላ ነገር አሰበች። ናርሲንግ ሆም ውስጥ ሚስተር ሃል የሚባል ሰው አለ። ምሳ ስታቀርብለት የሳህኑን የቀኝ ግማሽ ብቻ በልቶ “ለምንድን ነው ምግብ የምትቀንሱብኝ?” ብሎ ይጮሃል። ሳህኑን ስታዞርለት የቀረውን ይበላል። መጀመሪያ ሰሞን የሚቀልድ መስሏት ነበር። ኋላ ነርሷ እንዳስረዳቻት ሰውዬው አይዋሽም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ግራው ጠፍቶበታል፤ መጥፋቱንም አያውቅም።

“አይ” አለች ዘሪቱ። “አልለጠፍኩም።”

“ረስተሽ ይሆናል” አሏት ጋሽ ሀይለማርያም በአማርኛ።

“አልረሳሁም፣ ጋሼ።”

“እኔ የተኮስኩትን አላውቅም? በፈረንጅ ፊት ውሸታም ታደርጊኛለሽ?”

“እርስዎ አልዋሹም።” ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ቀበቶዎን ይቁጠሩት።”

“ምኑን?”

“የቀረውን ይቁጠሩትና ያስሉት። ሒሳቡን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።”

ጣታቸውን ወገባቸው ላይ አሄዱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሽጉጡ ውስጥ ሲጀምሩ አሥራ አንድ ጥይት ነበር። ከቀበቶው ሁለት ካዝና ወጥቷል። ቢበዛ ሠላሳ አንድ ነው፤ በመጨረሻ የወጣው ካዝና ደግሞ ባዶ አልነበረም፤ ሲያራግፉት በእጃቸው ይዘውታል። ሁለት ብረት ደግመዋል። ሁሉንም ኢላማ መትተው ቢሆን ሠላሳ ሁለት ይመጣል፤ ከቀበቶው ሦስተኛው ካዝና ሳይነካ አይቀርም ነበር። ጣታቸው አራተኛው ላይ ቆየ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል።

ግሬግ አማርኛ ባይሰማም ወረቀቱን እንደያዘ ጠበቀ።

“ወረቀቱን ስጠኝ” አሉት በመጨረሻ።

ስድስት ስህተት የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብለው ፈረሙ። ከዚያ ብዕሩን እየመለሱ፣ “ከሚቀጥሉት ዙሮች ሰርዘኝ” አሉት።

“ሃይሌ፣ አንድ መጥፎ ዙር እኮ ማንንም ያጋጥማል።”

“ሰርዘኝ።”

ሰዎቹ ለመለጠፍ ተበተኑ። ጋሽ ሀይለማርያም በቀኝ በኩል ዞር ዞር አሉና፣ “ዘሪቱ የት ሄደች?” ብለው ጠየቁ።

ዘሪቱ አልሄደችም። ከግራ ትከሻቸው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆማለች።

“እዚህ ነኝ፣ ጋሼ።”

አንገታቸውን ሙሉ አዙረው አገኟት።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለች።

“ምኑ?”

“ራስዎን አሞዎት ያውቃል? ወድቀውስ?”

“ፌብሩወሪ ላይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዙሮኝ ነበር። ሁለት ቀን ራሴን አመመኝ። ለቀቀኝ።”

“ሲና ታውቃለች?”

“እሷ ሥራ አላት፣ ልጆች አሏት። ለራስ ምታት ብዬ ላስጨንቃት?”

ዘሪቱ ስለ ሚስተር ሃልና ስለ ሳህኑ ነገረቻቸው። አላሳጠረችውም፤ አላለሰለሰችውም። ሲሰሙ ቆይተው ቀኝ እጃቸውን አንስተው ወደ ግራ ዓይናቸው አቅጣጫ ቀስ ብለው አሄዱት። አንድ ቦታ ላይ አቆሙት፤ መለሱት፤ እንደገና አሄዱት።

“እዚህ ጋ ይጠፋል” አሉ። ስለ ሌላ ሰው እጅ የሚያወሩ ይመስል ነበር።

“ዛሬውኑ ሐኪም ይየዎት። ወደ ቤት ሳንገባ ድንገተኛ ክፍል እንሂድ።”

“እሺ።”

“ልጆቹንም...”

“አትጨርሺው” አሏት። “ገብቶኛል። ትናንት አንድ መኪና ክላክስ አድርጎብኝ ሰደብኩት። በግራዬ ነበር።”

ግሬግ የዘሪቱን ስም ጠራ። ሳትተኩስ ለመቅረት አሰበች፤ ቀበቶዋን ለመፍታትም እጇን ሰደደች።

“ሠላሳ ሰከንድ ነው” አሏት ጋሽ ሀይለማርያም። “እኔ ሁለት ወር ቆይቻለሁ። ሂጂ ተኩሺ፤ ከዚያ እንሄዳለን።”

ቀበቶዋ ላይ እንደ ልማዷ ሦስት ካዝና ነበር። ጥቂት አሰበችና ከቦርሳዋ አንድ አወጣች።

“አራት?” አሉ።

“እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።”

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ክፉ ቀንና ስለ መሳት የሚሉት ነገር ነበራቸው። አሁን እጇን ብቻ አዩ።

“እንግዲያው አራት ያዢ” አሉ።

ተኮሰች። ጥሩ አልተኮሰችም። አንዱ ብረት በሦስተኛው ነው የወደቀላት፤ አንድ ካርቶን ደግሞ ጠርዙ ላይ ብቻ ተቀደደ። ግራው ጥግ ስትደርስ በሦስቱ ኢላማዎች ላይ ከሚገባው በላይ ጊዜ ወሰደች። ነጥቧን ሳትጠይቅ ወረቀቱ ላይ ፈረመች፤ ለግሬግም መሄዳቸውን ነገረችው።

“ሃይሌ ደህና ነው?” አላት።

“አላውቅም” አለችው። “ሐኪም እንዲያየው ልወስደው ነው።”

የጠዋቱን መንገድ አሰበች። በጋሽ ሀይለማርያም አሮጌ ቶዮታ ነበር የመጡት፤ ግሌንዴል ከሚገኘው አፓርትመንቷ በር ላይ ወስደዋት፣ ሃይዌዩን እሳቸው ነድተውታል። እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ቁርሷን ስትበላ ነበር። ቁልፉን እንዴት ብላ እንደምትጠይቃቸው ቃል እየመረጠች ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደች። ሰውዬው በሕይወታቸው ሌላ ሰው መኪናቸውን ሲነዳ ችለው አያውቁም፤ ሲናንም እንኳ “ፍሬን ታበዥያለሽ” ብለው ያስወርዷታል።

ቦርሳዎቹ ኋላ ተጭነዋል። ሞተሩ አልተነሳም። ጋሽ ሀይለማርያም በተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀምጠው የመኪናውን ቀበቶ አስረዋል፤ ስልካቸውን ቀኝ ጆሮአቸው ላይ ይዘዋል። የሹፌሩ በር ተከፍቶ ነበር።

“አትጩሂ፣ ሲና፤ አልወደቅኩም” ይላሉ። “ሆስፒታሉ ጋ ጠብቂን ነው ያልኩሽ።” ጥቂት ሰሙ። ከዚያ ዘሪቱ ገብታ ወንበሩን ወደ ፊት ስትስብ ጭንቅላታቸውን ሙሉ አዙረው አዩዋት።

“አይ፣ እኔ አይደለሁም” አሉ ለልጃቸው። “ዘሪቱ ናት የምትነዳው።”