አለቀ ያልኩት ወረቀት

አጎቴ ቶርጌር ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ፊቱ ደም መሰለ። ትሮምሶ ወደብ ላይ ባለችው ጠባብ ቢሯችን ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሱ የመርከቧ ባለቤት፣ እኔ የወንድሙ ልጅና ጸሐፊው። ያለችን አንዲት የጭነት መርከብ፣ ሃቭቴርና፣ በሰሜኑ በረዷማ ባሕር ላለችው ለስቫልባርድ ደሴት መብራት ማመንጫ የሚሆን ሞተር ጭና መነሻዋን ትጠብቃለች።

«አራት መቶ ሺህ ክሮነር? ለአንድ ጉዞ?» ጮኸ አጎቴ። «ራግንሂል፣ ይኼ ኢንሹራንስ ነው ወይስ ሽፍትነት?»

ራግንሂል በርገን ከተማ የምትሠራ የመድን ሠራተኛ ናት። ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማል። «የዘወትሩ ውል ባሕሩ ላይ በረዶ ከሚጀምርበት መስመር ወዲያ እንደማይሠራ ታውቃለህ። ደግሞ የምናስከፍልህ ለበረዶው ብቻ አይደለም። እዚያ መርከቧ ብትቀደድብህ እኛ የምንልከው ጎታች መርከብ እስኪደርስልህ ሁለት ቀን ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ በረዶ የመርከቤን ቀለም እንኳ ጭሮት አያውቅም!» ብሎ ዘጋባት።

ብዙም ሳይቆይ የእኔ ስልክ ጠራ። ካፒቴናችን ብሪንያር ነው።

«ዮሩንዬ፣ የበረዶው መድን ወረቀት አለቀ? እሱ ሳያልቅ ገመድ አልፈታም።»

አጎቴን አየሁት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «አለቀ በይው» አለኝ። ሚያዝያ ነው፤ ባሕሩ ረጋ ብሏል። አንድ ጉዞ ነው፣ ምን ይመጣል ብዬ አሰብኩ።

«አለቀ» አልኩት።

«ተባረኪ» አለኝና ከዘጠኝ ባልደረቦቹ ጋር ተነሣ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ በሳተላይት ስልክ ደወለ። የሞተርና የውሃ ጩኸት ድምፁን ሊውጠው ደርሷል።

«ተንሳፋፊ በረዶ መታን! ጎኗ ተቀዷል። ሄሊኮፕተር ጠርቻለሁ፣ እየመጣ ነው። ሰባቱን አስወጣለሁ፤ ሦስታችን ግን ቀርተን ውሃውን በፓምፕ እያስወጣን ጎታቹን እንጠብቃለን። ኢንሹራንሶቹ ልከውታል አይደል?»

አጎቴ አጠገቤ ቆሟል፤ አፉ ተከፍቶ ቀርቷል።

«ብሪንያር፣ እንዳትቀር! የሚመጣ ጎታች የለም። ወረቀቱም የለም። ዋሽቼህ ነው።»

ፓምፖቹ ሲያጓሩ ይሰማኛል። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ «ሁላችሁም ውጡ! አንድም ሰው እንዳይቀር!» ሲል ሰማሁ፤ ስልኩ ተቋረጠ።

አሥሩም ዳኑ። ወጥ ቤቱ አርቪድ ብቻ ሁለት ጣቶቹን ብርድ ወሰደበት። የመጨረሻው ሰው ወደ ሄሊኮፕተሩ ከተሳበ በኋላ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሃቭቴርና ተገልብጣ ሰጠመች አሉን።

አጎቴ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ቆይ… ቆይ እስቲ» እያለ ደጋገመው።

በማግሥቱ ራግንሂል ደወለች። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር።

«መነሣቷን ለምን አልነገራችሁንም? ባትከፍሉ እንኳ ብትነግሩን ምን ነበረበት? ወደዚያ መስመር ተንሳፎ የወረደውን በረዶ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እያየነው ነበር። በዚያ በኩል ላሉት መርከቦች ሁሉ ዙሩ ብለናል። የእናንተ መርከብ ግን እዚያ መኖሯን አላወቅንም።»

እኛ ወረቀት ብቻ የመሰለን ነገር፣ ለካ ሌት ተቀን የሚያይ ዓይን ነበረው።

ከሳምንት በኋላ ብሪንያር ቢሮ መጣ። አጎቴ ሊጨብጠው ተነሣ፤ እሱ ግን አልፎት እኔ ፊት ቆመ።

«ቶርጌር ስስታም እንደሆነ ድሮም አውቃለሁ። ስለዚህ እሱን አልጠየቅኩትም። አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወጣ።

የአደጋው መርማሪዎች ሲመጡ አንዱንም ሳልደብቅ ተናገርኩ፤ ቃሌንም ፈረምኩ። መድኑ አልከፈለም። አጎቴ ቤቱን ሸጦ እህቱ ቤት ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አነጋግሮኝ አያውቅም። እኔም አሁን ወደቡ ላይ ባለው ዓሣ መረከቢያ ውስጥ የዓሣ ሣጥን እመዝናለሁ።