ስልሳ አንዱ ሳንቲም

ሴትየዋ ባሏን መናቅ የጀመረችው በተጋቡ በሦስተኛው ወር ነው። ያን ቀን ሰውየው ጫማ ሊገዛ ወጥቶ ያለ ጫማ ተመለሰ። መዳፉን ዘርግቶ አንዲት የጠቆረች፣ ጠርዟ የተበላ የብር ሳንቲም አሳያትና "ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይሆናታል" አላት።

"ጫማህስ ስንት ዓመቱ ነው?" አለችው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚህ የተለየ ነገር አልተነጋገሩም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ሰውየው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፖስታ ቤት ቴምብር ሻጭ ነበር። ሰፈርተኛው "የባንኩ ገዥ" ይለዋል፤ ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። ሳንቲሞቹን ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቆ፣ ጠርዛቸውን ብቻ ነው የሚይዘው። እያንዳንዳቸውን በወረቀት ኪስ ይከታል፤ ከጫማ ካርቶን የሚለቅማቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ይጨምርባቸዋል፤ ከዚያ በቆርቆሮ ሣጥን ቆልፎ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያስቀምጣቸዋል። የመኝታ ቤቱ ጣራ ማፍሰስ የጀመረ ዕለት ዘሎ ተነሥቶ ያዳነው ፍራሹን አልነበረም፤ ሚስቱንም አልነበረም። ሣጥኑን አቅፎ "ውሃ አይወዱም" አላት። እሷ ውሃ ትወድ ይመስል!

ጣራው እየባሰበት ሄደ። ሊጠግን የመጣው ሠራተኛ ቆርቆሮውን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ጣቱ ሾልኮ ወጣ። "ይሄ አይጠገንም፣ ከነጭራሹ ይቀየራል" አለ። ለመቀየሪያ ገንዘብ የሚያወጣ ነገር ቤት ውስጥ ቢኖር ያ ሣጥን ብቻ ነው። ሴትየዋ ወገቧን ይዛ ባሏ ፊት ቆመች። "ወይ እነሱ ይውጡ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ" አለችው። ሰውየው ጥቂት አሰበ። ማሰቡን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። ከዚያ "እሺ፣ ነገ ወስደን እንሸጣቸዋለን" አላት።

ከሰዓት በኋላ ፀጉሩን ሊስተካከል ሄደ፤ የሚሸጠው እሱ ነው እንዴ? እሷም ቁልፉን ከኮቱ ኪስ አውጥታ ሣጥኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተችው። ጉድ አየች። የጠቆረ፣ አረንጓዴ ዝገት የወረሰው፣ የነገሥታቱ ፊት ጥላሸት የመሰለ ልቃሚ! ይህን ይዞ ሰው ፊት ሊቀርብ ነው? እሷ ደግሞ በሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ሠላሳ ዓመት ኃላፊ የነበረች ሴት ናት፤ ከስንቱ የቀዶ ጥገና ሐኪም ልብስ ደም ያስለቀቀች ሴት እንዲህ ያለ ቆሻሻ አይታ ዝም አትልም። እጅጌዋን ሰብስባ ሎሚ ጨመቀች፣ የጥርስ ሳሙና አመጣች፣ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ስልሳ አንዱንም አንድ በአንድ ፈተገቻቸው። እንደ አዲስ ማንኪያ አበሩ። አድርቃ ወደየወረቀታቸው መለሰቻቸውና ለባሏ ትንፍሽ ሳትል ዋለች። ሱቅ ውስጥ ሰው ፊት ሲያበሩ አይቶ፣ ሳያጥባቸው በመኖሩ ይፈር ብላ ነው።

በማግስቱ ከሳንቲምና ከብር ነጋዴው ዘንድ ሄዱ። ነጋዴው ልጃቸው ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ፣ ሚዛኑንና አጉሊ መነጽሩን ከፊቱ ደርድሮ፣ የመጣውን ሰው ፊት ሳያይ እጁን ብቻ ይዘረጋል።

"እሺ አባቴ፣ ምን ይዘን መጣን?"

የመጀመሪያዋን ወረቀት ከፈተ። ሁለተኛዋን ከፈተ። አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ተደግፎ ሳቀ።

"ማን ነው ይሄን የሠራው?"

ሴትየዋ ደረቷን ነፋች። እኔ ነኝ ልትል አፏን ስትከፍት ነጋዴው ቀደማት።

"ማን ነው ይሄን ጉድ የሠራው ነው የምለው! በሽቦ ተፍቀዋል እኮ! ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ ጥቁረት ነበር። ንጉሡ አፍንጫ የለው፣ ጽሑፉ ጠፍቷል። ይሄ ከእንግዲህ ሳንቲም አይባልም፤ ቀልጦ ማንኪያ የሚሆን ብር ነው።"



"እኔ ነኝ" አለ ባሏ።

"እርስዎ? ይሄን ሁሉ ዓመት ሰብስበው? አይቀየሙኝና አባቴ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ሳንቲም ቀርቶ ጠጠርም መልቀም የለበትም።"

"ልክ ነህ" አለ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ።

እንዲህ ያለውን ስድብ ከሌላ ሰው አፍ ብትሰማ ደስታውን እንደማትችለው ታስብ ነበር። ግን ደሟ ፈላ። ባሏን መናቅ የእሷ ርስት ነው፤ ይህ አፉን ያልጠረገ ጎረምሳ ማን ሰጠው?

"አንተ! አፍህን ሰብስብ!" አለችው። "ያሸኋቸው እኔ ነኝ። እሱ አልነካቸውም።"

"ያው ነው እናቴ። ሚዛኑ ማን አሸው ብሎ አይጠይቅም።" ስልሳ አንዱንም በእጁ ጠርጎ ሚዛኑ ላይ ገለበጣቸው። ጓንቱን እንዳጠለቀ የቆመው ባሏ ድምፁን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ። የክብደታቸው ዋጋ የጣራውን ግማሽ እንኳን የሚሸፍን አልነበረም።

ደጅ ወጥተው ጥቂት እንደተራመዱ ወደ ባሏ ዞረች።

"ለምን ዋሸህ? ጠበቃ ሁነኝ አልኩህ?"

"ትናንት ከፀጉር አስተካካዩ ስመለስ በመስኮት አይቼሻለሁ" አላት።

"መቼ?"

"አራተኛዋን ይዘሽ።"

"አራተኛዋን!" ብላ ጮኸች። መንገደኛው ዞር ብሎ አያት። "ሃምሳ ሰባት እየቀሩ? እንደሚበላሹ እያወቅክ? ጣራችን እኮ ነው! አንተ ሰው ጤና የለህም?"

"አውቅ ነበር" አለ። ጓንቱን በቀስታ አወለቀ። "ብርሃን ላይ ከፍ እያደረግሽ ታዪያቸው ነበር። አንዷንማ ፈገግ ብለሽ አየሻት። ከገባሁ ትተዪያቸዋለሽ ብዬ ፈራሁ። እስክትጨርሺ ደጅ ቁጭ አልኩ።"

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነበር። በስብሶ ሲገባ "ጃንጥላ መያዝ የማያውቅ ሽማግሌ" ብላ ተሳድባ ነበር።

"ዘንቦብህ ነበር እኮ" አለችው።

"ትንሽ ነው" አለ ሰውየው።

ሴትየዋ መንገድ ዳር ቆማ አለቀሰች። ማልቀሷም አናደዳት።