ሰደፉ የእኔ፣ አፈሙዙ የእሱ

ባሌ ማሩ ሲሞት ሽማግሌዎቹ ጠመንጃውን ለሁለት ከፍለው ሰደፉን ለእኔ፣ አፈሙዙን ከነምላጩ ለታላቅ ወንድሙ ለዋኘው ሰጡ። በሬውን ግን፣ በሬ አይከፈልም ብለው ድፍኑን ለዋኘው ነዱለት። ይኸው አራት ክረምት አለፈ፤ ነገሩ አልዋጥልህ እንዳለኝ ነው።

ጠመንጃው እናንተ የምታውቁት ዓይነት አይደለም። ዋልያ ለማየት ወደ ስሜን ተራራ የመጣ አንድ ፈረንጅ ነበር። ማሩ ከደባርቅ ጀምሮ በቅሎውን እየጫነ መንገድ መራው፤ ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ መሣሪያውን ትቶለት ሄደ። ሰደፉ እንጨት አይደለም፤ ላስቲክ የመሰለ ነገር ነው፣ ውስጡም ባዶ። አፈሙዙ ይፈታል፣ ምላጩ ይፈታል፣ ካዝናው ይወጣል፤ ሁሉም ሰደፉ ሆድ ውስጥ ይገባና ይከደናል። ያን ጊዜ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ጥቅል ነው እንጂ ማንም ጠመንጃ አይለውም። ፈረንጆቹ በረሃ ለበረሃ ሲዞሩ ስንቅ ቢያልቅባቸው ጅግራ መትተው እንዲበሉበት የተሠራ ነው ብሎ ማሩ ነግሮኛል። ጥይቱ የባቄላ ፍሬ ቢያክል ነው። ማሩ ገብሱ ላይ የሚወርደውን ዝንጀሮ ያባርርበት ነበር።

ማሩ ደግሞ አንድ አመል ነበረበት። ሰንበቴ በተቀመጠ ቁጥር ሰው ፊት ይፈታታዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል። ያላየው ሽማግሌ የለም። ልጅ አልነበረንምና ዋኘው ወራሽ ነኝ ብሎ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ንብረቱን ሲያዩ ጠመንጃው ላይ ደረሱ። እሱ የወንድሜ ነው፣ እኔ የባሌ ነው አልን። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ በላቸው ፈገግ ብለው፣ "ይኸ እኮ ተፈታትቶ የኖረ ነው፤ ቢከፈል አያመውም" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ለየብቻው ምን ይሠራል ብል፣ ሴት ስለ ጠመንጃ ምን አገባት ተባልኩ። በዚያው ብይን ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ተንከራተትን። ዋኘው ከወይራ ሰደፍ ጠርቦ አፈሙዙን በጠፍር አሰረበት፤ ሠርግ ላይ ሊተኩስ ሲል ተገንጥሎ ግንባሩን መታው። ሁለተኛ ከቤት አላወጣውም። እኔ ደግሞ በማኪና ጎንደር ድረስ ወርጄ አራዳ ላለ አንድ ጠመንጃ ጠጋኝ ሰደፌን አሳየሁት፤ የሚገጥመው አፈሙዝ ቢገኝ ብዬ። አገላብጦ አየና፣ "እመት፣ ልጓም ይዘሽ ፈረስ ፍለጋ ነው የመጣሽው?" አለኝ። ይዤው ተመለስኩ። የጎመን ዘር አስቀመጥኩበት፤ እርጥበት አይገባውም። የመንደሩም ሰው ስሜን ትቶ እመት ሰደፍ ይለኝ ጀመር።

ሰደፉ ምኔም አልነበረም። እኔ የምፈልገው በሬውን ነው። መሬት አለኝ፣ ግን ሴት አታርስም። በሰው በሬ ሲታረስልኝ የእህሌ ግማሽ ለአራሹ ይሄዳል። በየዓመቱ አያ በላቸው ደጅ እየሄድኩ፣ ሰደፉን ይውሰድና በሬዬን ይስጠኝ እላለሁ። ብይን አይታጠፍም ይሉኛል። ዋኘውንም ጠየቅሁት፤ በሰደፉ ፈንታ በግ እሰጥሻለሁ አለ። በግ አላጣሁም። ተይው በቃ ያለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም ደክሞኛል፤ መተዉ ግን አልሆነልኝም።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ እኩል የሚያርስልኝ የሻው መጣ። ከሁለት በሬዎቹ አንዱ ሞቶበታል። ደጃፌ ላይ ቆሞ መሬት መሬት እያየ፣ አንድ በሬ ቢኖርሽ መቀናጆ ሆነን የሁለታችንንም እናርስ ነበር፣ አለዚያ መሬትሽ ዘንድሮ ጦም ማደሩ ነው አለኝ።

በማግስቱ የጎመን ዘሩን ቅል ውስጥ ገለበጥኩ፤ ሰደፉን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ዋኘው ማሳ ወረድኩ። ጠዋት ነው፤ ግራ ቀኙ ሰው ያርሳል። ዋኘው በሬዬን ቡሬን ከራሱ በሬ ጋር ጠምዶታል። ሄጄ ከፊታቸው ስቆም በሬዎቹም ቆሙ። ሰደፉን ሞፈሩ ላይ አጋደምኩና የቡሬን ማነቆ መፍታት ጀመርኩ።

"ምነው አንቺ ታየች? ምን መሆንሽ ነው?"

"ድርሻዬን አመጣሁልህ፣ አያ ዋኘው።"

"በሬ አይከፈልም ተብሏል።"

"አልከፈልኩትም። ድፍኑን ነው የምወስደው።"

ከወዲያኛው ማሳ አንድ ሰው ሳቀ። ዋኘው ጅራፉን አነሳ። ሰው ፊት የሟች ወንድሙን ሚስት ቢመታ ግን ሠርግም ለቅሶም ላይ መቀመጫ አይኖረውም፤ ያውቀዋል። አወረደው። ሽማግሌ እጠራለሁ አለ፤ ጥራ አልኩት። ዓይኑ ግን እኔ ላይ አልነበረም። ሰደፉን አንስቶ ክዳኑን ከፈተ፣ ወደ ውስጥ አየ፣ አሸተተው።

"ጎመን ጎመን ይላል" አለ።

"እጠበው" አልኩት።

ማነቆው ወለቀ። ቡሬን እየነዳሁ ዳገቱን ጀመርኩ። በሬው ከንጋት ጀምሮ ሲያርስ ነበርና ቀስ አልን። አሁን ይጠራኛል፣ አሁን ይከተለኛል እያልኩ ጠበቅሁ። የዳገቱ ወገብ ላይ ዞር ብዬ ሳይ ዋኘው አንዱን በሬ ከነቀንበሩ ማሳው ላይ ትቶ፣ ሰደፉን በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ይሮጣል። አፈሙዙ ያለው እዚያ ነው።

ቤቴ ሳልገባ የሻው ደጅ ሄጄ ቀንበርህን አውጣ አልኩት። ቡሬን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀንበሩን አወጣ።

በነጋታው አያ በላቸው ሰው ልከው ጠሩኝ። የሻው በበሬዬ እያረሰ ነው፣ መሬቱ ታርሶ ሲያልቅ እመጣለሁ ብለህ ንገራቸው አልኩት መልእክተኛውን።