የሹፌሩ ክብደት

ባሌ ሸሚዝ ለመግዛት ሦስት ሱቅ የሚዞር ሰው አይደለም። መጀመሪያ ያየውን አንስቶ ይወጣል፤ እጅጌው ቢረዝምበት እንኳ «ይጠቀለላል» ይላል። ተሳቢ ለመምረጥ ግን ይኸው አራተኛ ቀናችን ነው። ከከተማው ዳር ባለ የተሳቢ መሸጫ ግቢ ውስጥ፣ በሦስት ተሳቢዎች መሃል ሲመላለስ ረፋዱ አለቀ። ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል፣ ብየዳውን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፣ ጎማውን በጫማው ይመታል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጫለሁ። የመጣሁት ፒክአፗ የኔ ስለሆነች ብቻ ነው። መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ጨርቁንም፣ የመጋረጃ ብረቱንም፣ መሰላሉንም የማመላልሰው በእሷ ነው። ብቻውን ብለቀው ምን ውስጥ እንደሚገባ አይታወቅም ብዬ ተከትዬው መጣሁ።

የሚጫነው የልጃችን የውድድር መኪና ነው። ልጃችን ከሞተ ስምንት ወር ሆነው። ሰፈሩ ሁሉ «ጥድፊያ» ነበር የሚለው። ሲወለድ ቀኑን አልጠበቀም፤ ከዚያ በኋላም ቀስ ብሎ የሠራው ነገር የለም። በሃያ ሦስት ዓመቱ ሄደ።

ጓደኞቹ የፊታችን ቅዳሜ ውድድር አላቸው። ከመጀመራቸው በፊት የሱ መኪና መነሻው መስመር ላይ ከሁሉም ፊት እንድትቆም ፈለጉ። ማንም አይነዳትም። እሷ ትቆማለች፣ እነሱ ከኋላዋ ሞተራቸውን ያስነሳሉ፣ ከዚያ ተገፍታ ትወጣለች፤ በቃ ይኸው ነው። መኪናዋ መብራት የላትም፣ ታርጋ የላትም፤ በራሷ ጎማ መንገድ ላይ መውጣት አይፈቀድላትም። ጓደኞቹ «በኛ ተሳቢ እንውሰዳት» ብለው ነበር፤ ባሌ እምቢ አለ። ተሳቢውን እሱና ልጁ አብረው ሊመርጡ ተስማምተው ስለነበር፣ በሰው ተሳቢ አትሄድም አለ። እኔና እሱ ስምንት ወር ሙሉ «ጨው አቀብለኝ» እና «በሩን ዝጊው» ነው የምንባባለው።

ሻጯ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቱታ ለብሳ፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ ሰክታ ትንጎራደዳለች። እሱን «ጋሼ»፣ እኔን «እትዬ» ትለናለች፤ አፏ አያርፍም።

«ጋሼ፣ እንዲህ ጎማ ጎማውን ሲመቱ ቢውሉ አይመረጥም» አለችው በመጨረሻ። «መጀመሪያ የሚጎትተውን እንወቅ። ፒክአፗ ስንት ትጎትታለች?»

ሊብሬውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ጣቷን በመስመሩ ላይ እየነዳች አነበበች።

«አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ። ይሄ እንግዲህ ተሳቢውም የተጫነውም አንድ ላይ ነው። ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው፤ የመኪናውን ክብደት ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ብረቱ ራሱ እንደሚመዝን ይረሳል። ከዚያ ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ከኋላ ሆኖ ሰውየውን ይነዳዋል። ደግሞ ሲጫን ከበድ ያለው ጎን ወደ ፊት ይሁን፤ ወደ ኋላ ካመዘነ ተሳቢው ጅራቱን መቁላት ይጀምራል፣ ያኔ ማንም አያቆመውም።»

ባሌ ራሱን ነቀነቀ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ጋራዥ የሠራ መካኒክ ነው፤ ይህን የሚነግሩት ሰው አልነበረም። ግን ዝም ብሎ ሰማት፤ እንዲያውም ደስ ያለው መሰለኝ።

ትንሿ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ መኪናዋን አትችላትም፤ ወጣች። ትልቁ ጣሪያና በር ያለው ዝግ ተሳቢ ነው፤ ባዶውን ብቻ ከሺህ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ መኪና ሲጨመርበት ለኔ ፒክአፕ የማይታሰብ ነው። የቀረው መካከለኛው ነበር፤ ክፍት፣ ባለ አራት ጎማ፣ የራሱ ፍሬን ያለው፣ ክብደቱ አምስት መቶ ሃያ ኪሎ።

«የውድድር መኪናዋስ ስንት ናት?»

«ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት» አለ ባሌ፣ አፍታም ሳያስብ።

እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ መዳፏ ላይ ደመረች። «አንድ ሺህ አምስት መቶ አሥራ ስምንት። በአሥራ ስምንት ኪሎ አለፈብን። ቆይ እስቲ፣ ዓይነቷ ምንድን ነው?» ነገራት። ዓይኗን አጠበበች። «ያቺማ ይሄን አታክልም ጋሼ! ውስጧ አልተራቆተም እንዴ?»

አልተራቆተም እንዴ ትላለች! ባሌና ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያራቁቷት የከረሙባት መኪና ናት። ምንጣፏን አወጡ፣ የኋላ ወንበሯን አወጡ፣ የበሯን ጨርቅ፣ የመስኮቷን ማንሻ፣ ሬዲዮዋን ነቀሉ። የተረፈውን ብረት በመሰርሰሪያ በስተው በስተው ወንፊት አስመስለውታል። አንድ ቀን ባሌ ከወለሏ የፋቀውን ጥቁር ዝፍት በደህናው ሳህኔ ላይ አድርጎ ወጥ ቤት ገባና «አራት መቶ ግራም!» ብሎ ጮኸ። ልጁ የተወለደ ዕለት እንኳ እንዲህ አልጮኸም።

«ተራቁታለች» አለ ባሌ። «ባዶዋን ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ናት።»

«ታዲያ ስልሳ ስምንቱ ከየት መጣ?»

«የሹፌሩ ነው።»

ሻጯ ሳቀች። ምን ታድርግ፣ አታውቅ። «ሹፌሩ ተሳቢ ላይ አይጫንም እኮ ጋሼ! ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው የሚሄደው።»

ባሌ አልሳቀም። ጥያቄ እንደሚመልስ የትምህርት ቤት ልጅ ቀጥ ብሎ ቆሞ አስረዳት። የውድድር መኪና ሞላዋ የሚስተካከለው በአራቱ ጎማዎቿ ሥር አራት ሚዛን ተደርጎ ነው። ያለ ሹፌር ከተስተካከለች ውድድር ላይ ወደ አንድ ጎን ታደላለች። ሹፌሩ ከሌለ በሱ ልክ አሸዋ ይመዘንና ወንበሩ ላይ በቀበቶ ይታሰራል። «ሹፌሩ ልጄ ነው፤ ታሞ ሆስፒታል ነበር» አለ። «ክብደቱን በስልክ እየነገረኝ ነው ያስተካከልኳት። አሸዋው አሁንም ወንበሩ ላይ ነው።»

ልጄ ከሞተ ጀምሮ መኪናዋ የቆመችበትን የቤታችንን ጋራዥ ረግጬው አላውቅም። በበሩ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ለካ ስምንት ወር ሙሉ፣ ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ማዶ፣ ስልሳ ስምንት ኪሎ አሸዋ ቀበቶ ታጥቆ ተቀምጧል።

ሻጯም ገባት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ አሸዋውን ፒክአፗ ላይ ይጫኑት» አለች። «መኪናዋ ብቻዋን ተሳቢው ላይ ትውጣ፤ እንዲያውም ይተርፈናል። ቅዳሜ ስትደርሱ መልሳችሁ ወንበሩ ላይ ታደርጉታላችሁ።»

«ከቦታው አይነሳም።»

«ለመንገዱ ብቻ እኮ ነው—»

«አይነሳም አልኩሽ፣ ልጄ!»

ጥሏት ወደ ዝጉ ተሳቢ ሄደ። በሩን ከፈተ፣ ገባ፣ ጣሪያውን በእጁ ነካ፣ ወጣ። ግቢው ጥግ ላይ አንድ ግዙፍ የናፍጣ መኪና ቆሟል፤ ሦስት ሺህ ኪሎ ይጎትታል ብላ ቀድማ ነግራን ነበር። «ይሄን ተሳቢ ከዚያ መኪና ጋር እወስዳለሁ» አላት። «ፒክአፗን ተቀበይኝ፤ የጎደለውን እሞላለሁ።» ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።

በሌላ ቀን ቢሆን እዚያው ግቢ መሃል ጉዱን አፈላው ነበር። በማን ፒክአፕ ነው የምትለዋወጠው፣ መሰላሉን በጀርባዬ ልሸከምልህ ወይ እለው ነበር። አሁን ግን ስልሳ ስምንት ውሸት እንደሆነ የማውቅ በዚህ ምድር ላይ እኔ ብቻ ነኝ።

«ና ፒክአፗ ውስጥ ግባ» አልኩት። «የምነግርህ አለ።»

ልጄ የታከመው ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ሆስፒታል ነው። እኔ አብሬው ሄድኩ፤ ባሌ ሥራውን ይዞ እዚህ ቀረ። አምስት ወር። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይደዋወሉ ነበር። ልጄ በምስል አይደውልም፤ «ኔትወርኩ አይስብም» ይለዋል። «ስንት ሆንክ?» ይላል አባቱ። «ስልሳ ስምንት፤ ንቅንቅ የለም!» ይላል ልጄ፣ ትራሱን ተደግፎ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ። ስልኩን ዘግቶ ያየኛል። «እማዬ፣ እንዳትነግሪው። ካወቀ ሁሉን ጥሎ ይመጣል። መጥቶስ ምን ያደርጋል? እዚያ እየሠራት ይሁን። እየተሠራች እንደሆነ ሳውቅ ደስ ይለኛል።» ባሌ «ልምጣ ወይ?» ሲለኝ፣ «ደህና ነው፤ ምን ያመጣሃል» የምለው እኔ ነኝ። የመጨረሻው ሳምንት «ና» ልለው ስልኩን አንስቼ ነበር። ነገ እደውላለሁ ብዬ አስቀመጥኩት።

ልጄ በሣጥን ተመለሰ። ስድስት ሰው ተሸከመው፣ ባሌ ከፊት በቀኝ በኩል ሆኖ። ሣጥኑ ከከባድ እንጨት የተሠራ ነበር፤ ውስጡ ያለው ምን ያህል እንደሆነ ማንም አላወቀም። ከዚያ ዘመድ ሁሉ አፉን ከፈተበት። ልጁ እየሞተ ብረት ሲፈታ የከረመ አባት አሉት። ታላቅ እህቴ ፊት ለፊቱ «አንተ አንጀት የለህም» አለችው። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ማለቱስ ባልከፋ፤ ቀስ በቀስ እኔም አመንኳቸው። ሐዘኔን የምጥልበት ሰው እፈልግ ነበር፣ እሱ ደግሞ ቅርቤ ነበር። ስንት ጊዜ በልቤ አንጀት የለህም ብዬዋለሁ!

ይህን ሁሉ ምንም ሳላስቀር ነገርኩት። እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት እያየ ሰማኝ።

«ስንት ነበር?» አለኝ።

«አርባ ሦስት።»

«ማን መዘነው?»

«እኔ። መቆም ሲያቅተው አቅፌው ሚዛኑ ላይ እወጣ ነበር። ነርሷ የሁለታችንን ታይና የኔን ትቀንሳለች።»

ሻጯ ከሩቅ ቆማ ጓንቷን ታወልቃለች፣ መልሳ ታጠልቃለች።

«እህትሽ ያለችኝን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

ይጮህብኛል ብዬ አልፈራሁም፤ ቢጮህ ደስ ባለኝ። የፈራሁት ከመኪናው ወርዶ እንዳይሄድ ነው። አልወረደም። ቁልፉን አዞረና ወደ ቤት ነዳ። ሻጯ ከኋላችን «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለሁ!» ብላ ጮኸች።

ጋራዡን ከፍቶ ገባ፣ ተከትዬው ገባሁ። መኪናዋ በአራቱ ሚዛን ላይ ቆማለች። አሸዋው በአራት ነጭ ከረጢት ተከፋፍሏል፤ ሁለቱ ወንበሩ ላይ፣ አንዱ መደገፊያው ላይ፣ አንድ ትንሽ ከረጢት ደግሞ እታች፣ እግር በሚያርፍበት። የእግሩን ክብደት ሳይቀር አስቦለታል። ጋራዡ ሁሉ አቧራ ለብሶ ከረጢቶቹ ላይ ግን አቧራ የለም። በየጊዜው ይጠርጋቸው ነበር ማለት ነው።

«የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን አምጪልኝ» አለኝ።

ስመለስ ቀበቶውን ፈቶታል። አንድ ባዶ ጆንያ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠና አሸዋውን በጣሳ እየቀዳ ይጨምርበት ጀመር። ሃያ አለ፣ ሠላሳ አለ። አርባ ሦስት ላይ ሲደርስ እጁ ዘገየ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አርባ ሦስት ከሁለት መቶ ግራም» አልኩት። እሱ ግራም የሚቆጥር ሰው ስለሆነ አልሸሸግኩትም።

ሩብ ጣሳ ያህል ጨመረ፣ በጣቱ ቆንጥሮ ትንሽ መለሰ። ከረጢቶቹ ውስጥ ገና ብዙ አሸዋ ነበር። ከልጄ ላይ የጎደለው ያ ሁሉ ነው።

«በክፍቱ ተሳቢ ትሄዳለች» አለ፣ ቀና ሳይል። «ስድስት ኪሎ ምናምን ይተርፋል። ፒክአፕሽን አልነካም።»

የጆንያውን አፍ አሰረ። ወንበሩ ላይ ሊመልሰው ጎንበስ ሲል ወገቡን ፈርቼ ሮጥኩ፤ ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ሳልደርስ አነሳው። አንድ እጁን ከሥር፣ አንድ እጁን ከጀርባ አድርጎ ደረቱ ላይ አቀፈው፤ ልክ እኔ እንዳቀፍኩት። ወደ መኪናዋ አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ።

«ይሄን ያህል ብቻ ነበር?»

«ይሄን ያህል ነበር።»

አላስቀመጠውም። እንባው ጆንያው ላይ ይወርዳል፣ እሱ ግን ቆሟል። «በቃ አስቀምጠው» አልኩት፤ «ይከብድሃል።»

«አይከብድም» አለ። «ምንም አይከብድም እኮ። ብትነግሪኝ መጥቼ እሸከመው ነበር።»